ገጽ ሠሪ ይፈለጋል

በአገራችን ሥራ ፈላጊ ከሥራው ጋር ከመተዋወቁ በፊት የሚተዋወቀው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ጋር ነው። በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሥራውን መጠሪያ፣ ደረጃውን፣ ደመወዙን፣ የትምህርት ዝግጅቱንና የሚፈለገውን የአገልግሎት ዘመን በሠንጠረዥ ከደረደረ በኋላ፣ «ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ቅረቡ» ብሎ ይዘጋል። ከዚህ ሁሉ መካከል ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጐድላል፤ ይኸውም የሚቀጠረው ሰው ተቀጥሮ ምን እንደሚሠራ ነው። ከአንባቢዎቼ ብዙዎቻችሁ እንዲህ ባለው ወረቀት ፊት ቆማችሁ፣ የስልክ ቁጥሩን ገልብጣችሁ እንደ ሄዳችሁ አልጠራጠርም። እኔም ለመምህርነት የተቀጠርኩት በዚሁ መንገድ ስለ ሆነ ሰሌዳውን ለመስደብ አልተነሣሁም።

የተነሣሁበት ነገር እነሆ። እኔ በጉራጌ ዞን፣ በእነሞርና ኤነር ወረዳ፣ በጉንችሬ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት በዞናችን ካሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንዱ የጉራጌን ቋንቋዎች፣ ከዚያም አማርኛንና እንግሊዝኛን በስልክ የሚያስተምር ሶፍትዌር ለማሠራት አሰበ። ሐሳቡ መልካም ነው። ለዚህም አንድ ሰው ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ትምህርቱን ከሚያዘጋጁት መምህራን አንዱ እኔ ስለ ነበርኩ በፈተናው ጉዳይ እንድማከር፣ በዕለቱም ከፈታኞቹ አጠገብ እንድቀመጥ ተጠየቅሁ።

ማስታወቂያው «የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ብዛት 1» ይላል። ከሥሩ ሲነበብ ግን ሰውየው ሰርቨር የሚጠብቅ፣ ኔትወርክ የሚዘረጋ፣ መረጃ የሚያደራጅ፣ የተበላሸ ፕሪንተር የሚጠግን፣ «እንዲሁም ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተግባራት የሚያከናውን» ነው። ተማሪው ስልኩን ሲከፍት ስለሚያየው ገጽ ግን አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም።

ነገሩ ለማያውቀው እንዲገለጥ፣ እኛ ጉራጌዎች በምንታወቅበት ሙያ ልመስለው። መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ ከኋላው መጋዘን፣ ከፊቱ ባንኮኒ አለው። መጋዘኑን የሚጠብቀው ሰው ስንት ጆንያ እንደ ገባና እንደ ወጣ ያውቃል፤ ገዢው ግን መጋዘኑን አይቶት አያውቅም። ገዢ የሚያውቀው ባንኮኒውን፣ በባንኮኒውም ላይ የቆመውን ሰው ነው። ሶፍትዌርም እንደዚሁ ነው። ከኋላ ሆኖ መረጃውን የሚያከማች አለ፤ ከፊት ደግሞ ፊደሉን፣ ሥዕሉን፣ የሚጫኑትን ቁልፍ፣ የሚሰማውን ድምፅ የሚያሰናዳ አለ። ይህን ሁለተኛውን ሰው የሙያው ባለቤቶች «ፍሮንት ኤንድ ዴቨሎፐር» ይሉታል፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ገጽ ሠሪ እለዋለሁ። መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው። በኤችቲኤምኤል በገጹ ላይ ምን ምን እንዳለ ይናገራል፤ በሲኤስኤስ መልኩን ያበጃል፤ በጃቫስክሪፕት ገጹ ለተጠቃሚው መልስ እንዲሰጥ ያደርጋል።

በብዙው ሥራ ባንኮኒው ቢያስጠላም መጋዘኑ ሙሉ ከሆነ ገዢ ይታገሣል። ግብር ሊከፍል የመጣ ሰው ገጹ አላማረኝም ብሎ ሳይከፍል አይመለስም። የቋንቋ ትምህርት ግን ከዚህ ይለያል፤ የሚሸጠው ዕቃ ያለው ባንኮኒው ላይ ነውና። ፊደሉ ካልታየ፣ ድምፁ ካልተሰማ፣ ተማሪው የጻፈውን መልስ ገጹ ካልተቀበለው፣ ከኋላ የተከማቸው ሺህ ቃል ማንንም አይጠቅምም።

«ፊደሉ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የማይታየው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አማርኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ታሪኩን ጥቂት ወደ ኋላ ሄጄ ልንገረው።

ፊደላችን ከመሣሪያ ጋር ሲታገል ኖሯል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማውጣት ሲደክሙ ዋናው ችግር የቦታ ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደሎች በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። ለላቲን ፊደል የተሠራው መኪና ይህን ሁሉ የሚሸከም ቁልፍ አልነበረውም። ስለዚህ በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ፊደሉ ከቁርጥራጭ እየተቀጠለ ይጻፍ ነበር፤ የድሮ የመንግሥት ደብዳቤዎችን ያየ ሰው እግራቸው የተንጠለጠለ፣ ቀለበታቸው የራቀ ፊደሎችን ያስታውሳል። ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ ችግሩ መልኩን ለወጠ። ሶፍትዌር አውጪው ሁሉ ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆነ። በየመዝገብ ቤቱ የምትሠሩ ወዳጆቼ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ አሮጌ ሰነዶችን ለመክፈት ስትቸገሩ አይቻለሁ፤ ከዚያ ዘመን የቀረ ዕዳ ነው።

ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የእኛን ፊደል የተቀበለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። በዚያን ጊዜ 345 ምልክቶች ተመዘገቡ። አማርኛ፣ ትግርኛና ግዕዝ በዚህ ዳኑ። የጉራጌ ቋንቋዎች ግን ገና አልዳኑም ነበር። በሰባት ቤት ከንፈርን አሞጥሙጦ የሚነገር ‹መ›፣ ‹በ›፣ ‹ፈ›ና ‹ፐ› አለ፤ ምላስን ወደ ላንቃ አስጠግቶ የሚነገር ‹ቀ›፣ ‹ከ›ና ‹ገ› አለ። ለእነዚህ ᎀ፣ ᎄ፣ ᎈ፣ ᎌ የመሳሰሉት ፊደሎች የተመዘገቡት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በተሻሻለው የጉራጌ አጻጻፍ የገቡት ሌሎች 28 ፊደሎች ደግሞ ወደ መዝገቡ የገቡት መስከረም 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አስቡት። ከዚያ ቀን በፊት የተሠራና ከዚያ ወዲህ ያልታደሰ ስልክ ሁሉ እነዚህን ፊደሎች አያውቃቸውም። ያልታወቀ ፊደል ሲመጣበት ስልኩ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ያሳያል። የጉግል ሰዎች ይህን ሳጥን የቻይናና የጃፓን ሰዎች ከአኩሪ አተር በሚያበጁት ምግብ ስም «ቶፉ» ይሉታል፤ ለሁሉ ቋንቋ ይሆናል ብለው ያወጡትን ፎንት «ኖቶ» ብለው የሰየሙትም «ቶፉ የለም» ለማለት ነው።

ሳጥኑ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በቸሃ «እሱን» ለማለት የተለየ ቃል መጨመር አያስፈልግም፤ በግሱ ውስጥ ካሉት ፊደሎች አንዱን ከንፈር አሞጥሙጦ መጥራት ይበቃል። ‹ነደፈ› እንደሚለው ያለ ግስ ‹ፈ›ው በከንፈር ሲነገር «እሱን ነደፈው» ማለት ይሆናል። የመጨረሻው ፊደል በከንፈር የማይነገር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማሞጥሞጡ ወደ መካከለኛው፣ እሱም ካልሆነ ወደ መጀመሪያው ፊደል ይሻገራል። የውጭ አገር የቋንቋ ሊቃውንት በዚህ ነገር ተገርመው ብዙ ጽፈውበታል። እንግዲህ በዚያች በአንዲት ፊደል ቦታ ሳጥን ሲገባ የጠፋው ፊደል ብቻ አይደለም፤ የተነደፈው ሰውም አብሮ ጠፍቷል።

እኛ ጉንችሬ ያለነው የምንናገረው የእነሞር ሰው ኢኖር ብሎ የሚጠራውን ቋንቋ ነው። እሱ ደግሞ ከዚህ ሌላ በአፍንጫ የሚወጡ አናባቢዎች አሉት። እነዚህን ሕፃን ከእናቱ አፍ እንጂ ከጽሑፍ አይማራቸውም። ስለዚህ ገጹ ድምፅ ሊኖረው የግድ ነው፤ ድምፁም በደካማ ኔትወርክ የሚደርስ መሆን አለበት።

ሶፍትዌሩ ለማን ነው ብትሉ፣ በአንድ በኩል ለአካባቢው ተማሪ፣ በሌላ በኩል እንደ እኔ ላለው ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። በየዓመቱ ለመስቀል በወልቂጤና በእምድብር አድርገን አገር ቤት ስንገባ አባቴ ከመኪናው ሳይወርድ ቋንቋው ይለወጣል፤ እኔና እኅቶቼ ግን በቤቱ ጥግ ተቀምጠን ሲስቁ እንስቃለን፣ ዝም ሲሉ ዝም እንላለን። አያቴ ጉንጬን ይዛ አንድ ነገር ትለኝ ነበር፤ አክስቴ «ምን አለችህ መሰለህ» እያለች ትተረጕምልኛለች። አያቴ ስታርፍ ከእሷ ጋር ያለ አስተርጓሚ የተነጋገርኩት ቃል ቢቈጠር ከሰላምታ አያልፍም። ኢኖርን በወጉ መናገር የጀመርኩት በ23 ዓመቴ፣ ለማስተማር ጉንችሬ ከመጣሁ በኋላ፣ ከተማሪዎቼና ከአከራዬ ነው። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በአዳማ፣ ባሕር ተሻግሮም በዋሽንግተን እንደ እኔ ያለው የነጋዴ ልጅ እጅግ ብዙ ነው። ይህ ልጅ ቋንቋውን ቢፈልግ የሚያገኘው በምን በኩል ነው? አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፉት ልብ ወለድ እንኳ ዓለም ያወቀው ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት «የሸነጋ መንደር» በሚል ስም በ1964 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሲወጣ ነው።

መንግሥት ቋንቋ ለማስተማር ገንዘብ ሲያወጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን አማርኛ ለማስተማር ሰርጅ ኦቦሌንስኪ የተባሉ ሰው ከሁለት ኢትዮጵያውያን ጋር ያዘጋጁትን መጽሐፍ በ1964 እና በ1965 እ.ኤ.አ. ከነድምፅ ቅጂው አወጣ፤ እስከ ዛሬ ድረስ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ይገለገልበታል። በእኛም አገር ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከእነሱ መካከል ጎረቤታችን ስልጢኛ ሲገኝ የሰባት ቤት ግን አልገባም። በቅርቡ ደግሞ የኢስቶኒያ መንግሥት ለሩሲያኛና ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኬሌክሊክ» የሚባል ነፃ የኢንተርኔት ትምህርት አሠርቷል። ኢስቶኒያ ከአዲስ አበባ ያነሰ ሕዝብ ያላት አገር ስለ ሆነች «ተናጋሪው ጥቂት ነው» የሚለው ምክንያት አያዋጣም።

ወደ ቅጥሩ ልመለስ። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሰው ኃይል ኃላፊው አንድ ሐሳብ አቀረብሁ። ጋሼ ብዬ የምጠራቸው፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት የቀራቸው ጨዋ ሰው ናቸው። ያልኳቸውም ይህ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ከጽሑፍ ፈተናው በፊት አንድ ሳምንት ተሰጥቷቸው፣ አሥር ቃል ያለበት አንድ ትምህርት ሠርተው ይምጡ፤ እኛም በአንድ በተማሪ ስልክ ከፍተን እንየው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «መምህር፣ ነገርህ ገብቶኛል» አሉኝ። «ነገር ግን እኔ በዚህ ወንበር ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ። ወረቀት በሌለበት በር ዘመድ ይገባል። ‹የእሱ ገጽ አማረኝ፣ የእሷ አላማረኝም› ማለት ከተጀመረ ነገ የአጎትህ ልጅ ገጽ ያምርብሃል። ዲግሪውና የሥራ ልምዱ ግን ለዘመድም ለባዳም እኩል ነው።»

ይህን መልስ እንደ ቀላል አላየሁትም። ከመንግሥት ሥራ ደጅ የተመለሰ ደሀ ልጅ ሁሉ የሚፈራው ይህንኑ ነውና፣ ወረቀቱ አጥር መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ገጽ የሚመዘነው በማማር ብቻ አይደለም። ፊደሉ ታየ ወይስ አልታየም? ኔትወርክ ሲጠፋ ትምህርቱ ይቀራል ወይስ ይጠፋል? እነዚህ በሦስት ሰው ፊት የሚቈጠሩ ነገሮች ናቸው፤ ዘመድም ቢሆን ሳጥንን ፊደል ነው ሊል አይችልም። ይህን ስላቸው ዝም አሉ፤ በማግሥቱ ከመቶው 15 ነጥብ ለተግባር ፈተና እንዲሆን ጽፈው ፈረሙ። እንደ እኔ አሳብ ግማሹ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

በዕለቱ ሦስት ሰዎች ቀረቡ። ከተማሪዎቼ አንዱ መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣ ሦስተኛ እጅ የሆነ ስልኩን አውሶኝ ነበር። ስለ አንደኛው ተወዳዳሪ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከኢንተርኔት ያወረደውን የእንግሊዝኛ ገጽ ቃሉን ብቻ ቀይሮ መጥቷል።

ሌላው የስድስት ዓመት ልምድ ያለው፣ ሲናገር የሚያስደስት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። በራሱ ኮምፒዩተር ሲያሳየን ገጹ አንዳች የሚወጣለት አልነበረም፤ ቀለሙ፣ ሥዕሉ፣ ሁሉ ነገር ተሟልቷል። በተማሪው ስልክ ስንከፍተው ግን ከአሥሩ ቃል አራቱ ሳጥን ነበረባቸው። «ስልኩ አሮጌ ስለ ሆነ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ተማሪው ያለው ስልክ ይኸው ነው። ቀጥዬ የአማርኛውን መልመጃ ሞከርሁ። የፀሐይ ሥዕል ያሳይና ስሙን ጻፍ ይላል። እኔ ሆን ብዬ «ጸሀይ» ብዬ ጻፍሁ። ገጹ በቀይ «ስሕተት» አለኝ።

በዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ‹ፀ› በሁለት ዓይነት ይጻፋል፤ ‹ሐ› ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እየተባለ በስድስት ዓይነት ይጻፋል። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 ነው። አንዷ ቃል 12 መልክ አላት፤ ሲነበቡ ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ስላለው 12ቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። የግዕዙን ሥርዓት የሚያከብር መምህር ‹ፀሐይ› የሚለውን ቢያስተምር መልካም ነው፤ እኔም አስተምራለሁ። ነገር ግን ቃሉን አውቆ የጻፈውን ልጅ ምንም እንደማያውቅ አድርጎ በቀይ መመለስ ከትምህርት ማባረር ነው። ይህን የሚወስነው ማን ነው? ከኋላ ያለው መጋዘን ጠባቂ ስለዚህ ነገር አይጠየቅም። ባንኮኒው ላይ የቆመው ሰው ነው የሚወስነው፤ ሳያስብበት ከቀረም ሳያስብ ወስኗል።

ሦስተኛዋ ተወዳዳሪ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አንድ ዓመት የሆናት ልጅ ናት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወስዳ የምስክር ወረቀቷን ይዛለች፤ ከዚህ ሌላ በቡታጅራ ለአንድ የልብስ ሱቅ ገጽ ሠርታ ታውቃለች። ይህ በመንግሥት አቆጣጠር የሥራ ልምድ አይባልም። ገጿ ሲከፈት ነጭ፣ ባዶ፣ እንዲያውም ደረቅ ነበር። ጋሼ «ይኸው ነው?» አሉ። ከዚያም ፊደሎቹን አየናቸው። አንድም ሳጥን አልነበረም።

«ስልኩ ፊደሉን ባያውቀውስ ብዬ ፎንቱን ከገጹ ጋር ልኬዋለሁ» አለች። አቢሲኒካ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ፎንት ወስዳ፣ ለትምህርቱ የማያስፈልጉትን ፊደሎች ቈርጣ ጥላ፣ የቀረውን ጥቂት ዳታ እንዲበላ አሳንሳዋለች። የስልኩን ዳታ አጠፋሁት፤ ገጹ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ትምህርቱን ስልኩ ላይ ስለሚያስቀምጥ መሥራቱን ቀጠለ። ለመጻፍ ደግሞ የስልኩን ኪቦርድ አልጠበቀችም፤ በጉራጌ ፊደል የሚጽፍ ኪቦርድ በየስልኩ የለምና፣ የሚያስፈልጉትን ፊደሎች በገጹ ግርጌ እንደ ቁልፍ ደርድራ ተማሪው እየነካ ቃሉን እንዲሠራ አድርጋለች። «ጸሀይ» ብዬ ስጽፍ «ትክክል» አለኝና ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «በመጻሕፍት፦ ፀሐይ» ብሎ ጨመረልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ እኔም አላስተዋልኩትም ነበር። በብዙ የአማርኛ ሶፍትዌር ቁልፎቹ «ቀጥል»፣ «አስገባ»፣ «ተመለስ» እያሉ ወንድን ብቻ ያዛሉ። የእሷ ቁልፎች «ወደፊት»፣ «ወደኋላ»፣ «እንደገና» ይላሉ። ለምን እንደ ሆነ ስጠይቃት «እኔን ስልኬ ሁልጊዜ አንተ ነው የሚለኝ» አለች። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሰዎች ሁላችን ወንዶች ነበርን።

ጉድለትም ነበረባት። ከአሥሩ ቃል ድምፅ ያስገባችው ለስድስቱ ብቻ ነው። ስለ ሰርቨርና ስለ መረጃ ጥበቃ ስትጠየቅ «እሱን አላውቀውም» ብላ መለሰች፤ ማስታወቂያው ግን የጠየቀው ይህንኑ ነበር። የጽሑፍ ፈተናውም ቢሆን የቃላት ፍች የሚጠይቅ እንጂ ሥራ የሚያሠራ ስላልነበረ ባለ ስድስት ዓመቱ በለጣት። ነጥቡ ሲደመር፣ ለሥራ ልምድ የተያዘው ሲጨመር፣ እሱ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ ወጡ። ልዩነቱ አራት ነጥብ ነበር። ጋሼ ውጤቱን በሰሌዳው ላይ ሲለጥፉ ስሟን «ተጠባባቂ» ከሚለው ሥር ጻፉት።

የተቀጠረው ሰው ሥራውን አላበላሸም። በአራት ወር ውስጥ መጋዘኑን አሳምሮ ሠራው፤ እኛ መምህራኑ የላክነው ቃል፣ ሥዕልና ድምፅ ሁሉ በየቦታው ተቀምጧል፣ አንድም አልጠፋም። ሙከራው ሲጀመር ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተማሪዎቼን ሰብስቤ በየስልካቸው አስከፈትኋቸው። በብዙዎቹ ላይ ሳጥን ነበር። አንዱ ተማሪ ሳጥኖቹን እየቈጠረ «መምህር፣ ይህ የማን ቋንቋ ነው?» አለኝ፤ ክፍሉ ሣቀ። የስልኮቹን ፎቶ አንሥቼ ለመሥሪያ ቤቱ ላክሁ።

ከዚህ በኋላ ደውሎ ያነጋገረኝ ራሱ ባለሙያው ነው። የሚከራከረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «እኔ የኋላውን ሥራ የምወድ ሰው ነኝ፤ ማስታወቂያው ሁሉን አንድ ላይ ስለ ጠየቀ ሁሉን እችላለሁ ብዬ ገባሁ። ሌላ ሥራ ከየት አገኛለሁ? ያችን ልጅ ግን ብትሰጡኝ በሁለት ወር እንጨርሰዋለን» አለ። ይህንኑ በጽሑፍ ለኃላፊው አቀረበ። የሥራ መደቡ መዋቅር ላይ ስለሌለ በቋሚነት አትቀጠርም፤ በኮንትራት ለመቅጠር ደግሞ የበጀት ፈቃድ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ጋሼ ራሳቸው አርቅቀው፣ የሥራውን ዝርዝር በአራት መስመር ጽፈው ልከውታል። ግልባጩን አሳይተውኛል፤ የመጀመሪያው መስመር «ፊደሉ በተማሪው ስልክ ላይ መታየቱን የምታረጋግጥ» ይላል። መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም።

እስከዚያው ለፈተናው ብላ የሠራችውን ገጽ በፈቃዷ ለተማሪዎቼ ሰጥቻቸዋለሁ። የጐደሉትን አራት ድምፆች አከራዬ እማማ በስልኬ ቀድተውልኝ ላክሁላት፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ከሱቁ ሥራ ስትመለስ ሦስት ትምህርት ጨምራለች፤ ክፍያ የለውም። አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እኅቴም አራቱን ትምህርት ጨርሳ፣ ባለፈው እሑድ ለአባታችን ደውላ በኢኖር ሰላምታ ሰጥታ፣ ቀጥሎ የምትለውን ስላላወቀች ስልኩን ዘጋችበት። አሁን በየቀኑ አምስተኛው ትምህርት መቼ እንደሚወጣ ትጠይቀኛለች።